የዋግሹሙ ጥርስ ምን ይመሰክራል?

ሰቆጣ ላይ ተዝካር ተቀምጠናል። ጠላው ተቀድቷል፤ ጨዋታው እንደ ልማዱ ከዝናም ወደ ማሽላ፣ ከማሽላ ወደ መንግሥት፣ ከመንግሥት ደግሞ ወደ ዘር አቅንቷል። በዕድሜ የሚበልጡኝና በአገሩ የተከበሩ አንድ ሰው ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «መምህር፣ አንተ መቼም የባዮሎጂ ሰው ነህ፤ ይህ ዲ.ኤን.ኤ. የሚሉት ነገር ከአጥንትም ይወጣል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እውነት ነው አልኳቸው። «እንግዲያማ!» አሉ ጭናቸውን መታ አድርገው፣ «ከውቅር መስቀለ ክርስቶስ ከዋግሹሞቹ አስከሬን አንዲት ጥርስ ነቅሎ ለፈረንጅ መላክ ነዋ! ማን የማን ዘር እንደሆነ፣ አገሩስ የማን እንደሆነ ያን ጊዜ ይለይለታል።» ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ።

ቦታውን ለማያውቅ አንባቢ፣ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ከሰቆጣ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በውስጡም የዋግሹሞች ናቸው የሚባሉ የደረቁ አስከሬኖች አሉ። አገር ጎብኚ እያየ ይደነቃል፤ ያገሩ ሰው ደግሞ፣ እንደምታዩት፣ ምስክርነት ሊያስቆማቸው ያስባል።

በዕለቱ ዝም አልኩ። ተዝካር ላይ፣ ያውም የሰው ጠላ ይዞ፣ ሽማግሌ አይሞገትም። ነገሩ ግን ሆዴ ገብቶ ቀረ። ይህን ሐሳብ የሰማሁት ከእሳቸው ብቻ አይደለምና። አዲስ አበባ ላይ ዲግሪ የጫኑ ወጣቶች ሲያወሩት ሰምቻለሁ። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ምራቃቸውን ብልቃጥ ውስጥ እንትፍ ብለው፣ ዶላር ጨምረው ለኩባንያ ይልኩና «ማንነታቸው» በፖስታ እስኪመጣላቸው ይጠብቃሉ። የሁሉም አነጋገር አንድ ነው፤ ደም አይዋሽም፣ ዲ.ኤን.ኤ. ይፍረደን። እኔ ደግሞ ይህንኑ ዲ.ኤን.ኤ. ለዋግ ልጆች ሳስተምር ዓመታት የቆጠርኩ ሰው ነኝና፣ ዳኛ ተብሎ የተጠራው ነገር ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠየቅ ወንበር ላይ መቀመጡ አላስችል አለኝ። የዚያን ቀን ያልሰጠሁትን መልስ እነሆ።

በመጀመሪያ «ደም» የሚለውን እንመልከት። የሰውን ደም ቀይ ያደረጉት ቀያይ የደም ሕዋሳት፣ ለሥራቸው ከበሰሉ በኋላ አስኳላቸውን አውጥተው ጥለው የሚዞሩ ናቸው። አስኳል በሌለበት የአስኳል ዲ.ኤን.ኤ. የለም። የወንጀል መርማሪ ከደም ጠብታ ዲ.ኤን.ኤ. የሚያገኘው ከነጮቹ የደም ሕዋሳት ነው። ስንቱ «በደሜ ውስጥ አለ» እያለ የፎከረበት ያ ቀይ ነገር ስለ ቅድመ አያቱ አንዲት ፊደል አልያዘም። ነገሩ መጀመሪያ የተገኘውም ከክብር ቦታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1869 ፍሬድሪክ ሚሸር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ፣ በጀርመን ቱቢንገን ከተማ፣ ከቀዶ ጥገና ክፍል የተጣለ የቁስል ፋሻ እየሰበሰበ ከመግሉ ውስጥ ነው ያወጣው። ከመግል! የነገሥታት ሐረግ ቆጣሪዎቻችን ይህን ቢያውቁ ድምፃቸውን ትንሽ ዝቅ ያደርጉ ይሆን?

ለመሆኑ ኑክሊክ አሲድ ምንድን ነው? ረጅም ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ የሰንሰለቱ ቀለበት ኑክሊዮታይድ ይባላል፤ የሚሠራውም ከሦስት ነገሮች ነው፤ ከአንድ ስኳር፣ ከአንድ ፎስፌት፣ እንዲሁም ቤዝ ከሚባል ናይትሮጂን ካለበት ቁራጭ። ስኳሩና ፎስፌቱ እየተያያዙ የሰንሰለቱን ጀርባ ይሠራሉ፤ እነርሱ በዋግም በለንደንም፣ በሰውም በአህያም፣ በማሽላም በአረምም ዲ.ኤን.ኤ. ውስጥ ያው ናቸው። የሚለያየው ቤዙ ነው፤ እርሱም አራት ዓይነት ብቻ ነው፤ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን። እ.ኤ.አ. በ1953 ዋትሰንና ክሪክ፣ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ባደረገችው የኤክስሬይ ጥናት ተደግፈው እንዳስረዱት፣ ሁለት ሰንሰለቶች እንደ ገመድ ተገምደው ይኖራሉ። አዴኒን ከታይሚን፣ ጉዋኒን ከሳይቶሲን ጋር ብቻ ይጣመዳል፤ የመጀመሪያዎቹ በሁለት፣ የኋለኞቹ በሦስት የሃይድሮጂን ትስስር። ጥማዱን የሚያውቅ ገበሬ አንዱን በሬ አይቶ ጓዱን እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ሁለቱ ሰንሰለቶች ሲላቀቁ እያንዳንዱ የጎደለውን ጓድ እየጠራ ሁለት ሙሉ ገመድ ይሆናል። ሕዋስ ሲከፈል ጽሑፉ ሳይጠፋ የሚተላለፈው በዚህ ዘዴ ነው። አንድ ሰው ከእናቱ 3 ቢሊዮን ያህል፣ ከአባቱም 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል ይወርሳል። ሁለት ሰዎችን፣ አንዱን ከሰቆጣ አንዱን ከሞያሌ አምጥተን ብናስተያይ፣ የሚለያዩት ከ1,000 ፊደል በአንዱ ገደማ ነው።

ጽሑፉ ምን ይላል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ጽሑፉ የሚያዘው ሥራ ነው። ዲ.ኤን.ኤ. ራሱ ከአስኳል አይወጣም፤ የተፈለገው ገጽ በአር.ኤን.ኤ. ይገለበጥና (በዚያ ቅጂ በታይሚን ፈንታ ዩራሲል ይገባል) ሪቦሶም ወደሚባለው የፕሮቲን መሥሪያ ይሄዳል። ሪቦሶሙ ፊደሉን ሦስት ሦስት እያደረገ ያነብና ለእያንዳንዱ ሦስትዮሽ አንድ አሚኖ አሲድ ይሰካል። ሦስት አዴኒን ተከታትሎ ከመጣ ላይሲን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ይሰካል፤ ሁለት አዴኒንና አንድ ጉዋኒን ሲመጣም እንደዚሁ። ፕሮቲን የሚያሠሩት የሰው ጂኖች 20,000 ገደማ ናቸው። ሄሞግሎቢን የሚያሠራ አለ፤ የወተትን ስኳር የሚፈጭ ኢንዛይም የሚያሠራ አለ። የቀረው እጅግ ብዙ ጽሑፍ፣ ከፊሉ የትኛው ጂን መቼና የት እንደሚሠራ የሚያዝ፣ ከፊሉ ሥራው ገና ያልታወቀ ነው። ስለ ርስት፣ ስለ ዙፋን፣ ስለ ወረዳ ወሰን የሚናገር ግን አንድም መስመር የለም።

እኛ ግን በቋንቋችን ተሰናክለናል። በአማርኛ ለማሳ የሚበተነውም ዘር፣ ከአብራክ የሚወጣውም ዘር፣ ሰውን ከሰው የምንከፋፍልበትም ዘር። ጂንን ደግሞ «ዘረመል» ስንል የፖለቲካው ቃል ከነጫማው ላቦራቶሪ ገባ። ተማሪዎቼ ምዕራፉን ስጀምር ጆሯቸው የሚቆመው ስለ ሕዋስ የማስተምር መስሏቸው አይደለም። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «አገውነቴ ስንተኛው ክሮሞሶም ላይ ነው?» ብሎኛል። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱ ግን ቀልዱን አልነበረም።

ዋግ ኑክሊክ አሲድን የሚጠይቀው ጥያቄ ካለው፣ ሌላ ጥያቄ ነው። መመሪያው «ላይሲን ስካ» ይላል እንጂ ላይሲን አይሰጥም። የሰው አካል ላይሲንን ራሱ መሥራት አይችልም፤ ከሚበላው ማግኘት አለበት። የቆላው ዋግ እህል የሆነው ማሽላ ደግሞ ላይሲኑ ትንሽ ነው። እንቁላልና ወተት፣ ወይም በቂ ጥራጥሬ ያላገኘ ሕፃን፣ የጂኑ ጽሑፍ የቱንም ያህል የተሟላ ቢሆን፣ ጡቡ እንዳለቀበት ግንበኛ ሥራው ይቆማል። በዚያ ላይ ተቅማጡና ንጹሕ ያልሆነው ውሃ ሲጨመር ልጁ ይቀነጭራል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ ሰነዱን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ሰየመው። ከተማችን በአገር ደረጃ ስሟ የተጠራው በዛጉዌ ዘውድ ሳይሆን ባጠሩ ልጆች ነው። «የእኛ ሰው ቁመቱ በዘሩ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ንዴቴን መያዝ ያቅተኛል። የዘሩ ምን ያህል እንደሆነ የምናውቀው መጀመሪያ ልጁ ሲጠግብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሲንግና አክስቴል፣ ከዓለም የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው ላይሲናቸው ከተለመደው ከግማሽ በላይ የሚበልጥ ሁለት ዓይነቶች አገኙ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ፣ ያውም ዋግ አንዱ አውራጃዋ ከነበረችው ከወሎ የተሰበሰቡ ነበሩ። ገበሬው በሌላ ማሽላ ማሳ ውስጥ ቀላቅሎ ይዘራቸውና እሸታቸውን ጠብሶ ይበላቸው ነበር። «ወተት በጉንጬ» የሚባል የማሽላ ስም ያለው አገር ነው ይህ። የኑክሊዮታይዱን ለውጥ ፈረንጅ በመሣሪያ ከማግኘቱ በፊት ምላስ አግኝታው ስም አውጥታለታለች። ታዲያ ለማሽላው ጥርስ የነቀለ ማን ነው?

አቀንጭራንም እዚህ ላይ ላንሳ። ስሙ ራሱ ከመቀንጨር ጋር አንድ ሥር ነው፤ ማሽላውን የሚያቀነጭር፣ ሥሩን የሚጠባ አረም። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል፤ የሚቀሰቅሰው የማሽላው ሥር ራሱ የሚያመነጨው ኬሚካል ነው። ገቢሳ እጀታ፣ እ.ኤ.አ. የ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸላሚው ኢትዮጵያዊ፣ ዕድሜውን የሰጠው ይህን ለሚቋቋም ማሽላ ነው፤ «ጎብዬ» እና «አብሽር» የሚባሉት ዝርያዎች ወደ አገራችን ማሳ የመጡት ከዚያ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የእርሱ የምርምር ቡድን ምክንያቱን እስከ ጂኑ ድረስ አደረሰው። የሚቋቋሙት ማሽላዎች አንድ ጂን ተበላሽቶባቸዋል ወይም ጨርሶ ጎድሎባቸዋል፤ በመጉደሉ ሥራቸው የሚያመነጨው ኬሚካል ዓይነቱ ይለወጣል፤ አቀንጭራው ጥሪውን አይሰማም። ጥቂት ፊደል ጎደለና አንድ ቤተሰብ እህል አገኘ። ይህን ለተማሪ ስነግር ክፍሉ ፀጥ ይላል፤ ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ አባታቸው አቀንጭራ ሲነቅል ያደጉ ናቸው።

ወደ ጥርሱ እንመለስ። ይነቀል እንበል። ፈረንጁም ቅን ሰው ነው፣ ዲ.ኤን.ኤ.ውም አልፈረሰም እንበል። ምን ይነግረናል?

ሒሳቡን እንሥራው። የዛጉዌ መንግሥት ያለፈው እ.ኤ.አ. በ1270 ነው። አንዱን ትውልድ 25 ዓመት ብንል ከዚያ ወዲህ 30 ትውልድ ሆኗል። ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት እያልን ስንወጣ፣ በ30ኛው ደረጃ ላይ 1,073,741,824 የአያት ቦታ ይኖረናል። በዚያን ጊዜ በዓለም ሁሉ ይህን ያህል ሰው አልነበረም። ስለዚህ ቦታዎቹን የሚሞሉት እነዚያው ሰዎች እየተመላለሱ ነው፤ የአንዱ ደጋ ሰው የሌላውም አያት ነው። ልጅ ወልዶ ዘሩ ያልጠፋ የ13ኛው መቶ ዘመን ሰው፣ ንጉሥም ይሁን ሸማኔ፣ ዛሬ የሰሜኑን ደጋ ሰው አብዛኛውን ሳይወልድ አልቀረም። ከላሊበላ መወለድ እንግዲህ የጥቂቶች መለያ መሆኑ ያበቃል።

ከዚህ የባሰም አለ። ዲ.ኤን.ኤ. ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያልፈው እየተቆራረጠ ነው፤ ከ30 ትውልድ በፊት የነበሩ አያቶች ዛሬ በአንድ ሰው ውስጥ ያላቸው በግምት 2,000 ቁራጭ ነው። ሁለት ሺህ ቁራጭ፣ ለአንድ ቢሊዮን ቦታ! አብዛኞቹ አያቶቻችን አንዲት ኑክሊዮታይድ እንኳ አላወረሱንም። ጋሼ፣ እርስዎ በእርግጥ የዋግሹም ልጅ ሆነው፣ ከሩቁ አባትዎ ግን በሰውነትዎ ውስጥ ምንም ላይኖር ይችላል። ጥርሱ «አላውቃቸውም» ቢል ምን ይሆናሉ? ከዚያ ቀን ጀምሮ የዋግ ሰው አይደሉም?

የሚያውቁ ሰዎች እዚህ ላይ የዋይ ክሮሞሶምን ያነሱብኛል፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብዙም ሳይለወጥ ያልፋል። ልክ ነው። ከእናት የሚተላለፈው የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ.ም አለ፤ 16,569 ፊደል ነው። ግን እያንዳንዳቸው ከዚያ ሁሉ ቢሊዮን መንገድ አንዲቱን ብቻ የሚከተሉ ናቸው። ያቺ መንገድ ደግሞ በመሐል አንዲት ሴት ለባሏ ያልነገረችው ነገር ካለ ትቆረጣለች። በስንት የተከበረ ቤት ላይ እንዲህ ያለ ምርመራ እንዲደረግ እንፈልጋለን? እኔ በበኩሌ በራሴም ቤት አልፈልግም።

ደግሞስ የትኛው ታሪካችን ነው የጠራ ዘር የሚነግረን? በትውፊቱ መሠረት የዛጉዌ መሥራች ማራ ተክለ ሃይማኖት የአክሱሙን ንጉሥ የድል ነዓድን ልጅ አግብቷል፤ ይኩኖ አምላክም የድል ነዓድ ተወላጅ ነኝ አለ። «አንዱ የተመረጠ ዘር፣ ሌላው ባዕድ» ተብለው በመጽሐፍ የተለዩት ሁለቱም ከአንድ አያት ደጅ የሚቆሙ ናቸው። ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሲነግሡ በአባታቸው ከዛጉዌ፣ በእናታቸው ከሰሎሞን ወገን እንደሆኑ ተናግረዋል። ከሁለቱም ወገን የሆነ ንጉሥ ከተገኘ ነገሩ ማለቅ ነበረበት። ምን ዋጋ አለው፤ በ1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ድል የነሷቸው የገዛ ሚስታቸው የወይዘሮ ድንቅነሽ ወንድም፣ ካሳ ምርጫ ናቸው። ጦርነቱን የለየው መሣሪያ ነበር።

እንግዲህ ጥናቱንም እንመልከት፤ ሳይንስ ፈራ እንዳልባል። እ.ኤ.አ. በ2012 ፓጋኒና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያና ከጎረቤት ሕዝቦች 235 ሰዎችን መርምረው፣ ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋ የሚናገሩት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ዲ.ኤን.ኤ.አቸው ከአፍሪካ ውጭ ካሉ ሕዝቦች ጋር እንደሚዛመድና መቀላቀሉ የዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ እንደሆነ ገመቱ። ልብ በሉ፤ ሴማዊውም ኩሻዊውም። «መጤ» እና «ነባር» እያሉ ለሚሟገቱ ሰዎች ይህ ለማንም አይመችም። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ከጋሞ ደጋ፣ ከሞታ ዋሻ የ4,500 ዓመት ሰው ሙሉ ጽሑፍ ተነበበ፤ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ያን ጊዜ «ከእስያ የተመለሰው ዲ.ኤን.ኤ. አፍሪካን ሁሉ አዳርሷል» የተባለው፣ በኮምፒዩተር አሠራር ላይ በተፈጠረ ስሕተት የተጋነነ መሆኑን አጥኚዎቹ ራሳቸው በወራት ውስጥ አስታወቁ። ስሕተታቸውን በአደባባይ ማረማቸው ያስከብራቸዋል። ከእኛ ሐረግ ቆጣሪዎች መሐል ማን ነው እርማት አውጥቶ የሚያውቅ?

አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ፣ ልሸሸው አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ 1,214 ኢትዮጵያውያንን ከ68 ብሔረሰቦች ያካተተ ጥናት የዘረመል ቅርበት በጥቅሉ ከቋንቋ ቅርበት ጋር እንደሚሄድ አሳይቷል። «ይኸው!» ይሉኛል። አዎ፣ ይኸው። ሰው የሚያገባው የሚያወራውን ነው። ቋንቋ የሚጋሩ ሰዎች ይጋባሉ፤ የተጋቡ ዲ.ኤን.ኤ. ይጋራሉ። ያው ጥናት ቋንቋቸው ሩቅ ሆኖ በመጋባት የተቀራረቡ ሕዝቦችንም አግኝቷል። ጋብቻው ነው የዲ.ኤን.ኤ.ውን መልክ የሠራው፤ ዲ.ኤን.ኤ.ው ጋብቻውን አልሠራም።

የምራቅ ኩባንያዎቹ ነገርማ ሳቅ ነው። «ከዚህ ሕዝብ ነህ» የሚሉት፣ «እኔ ከዚህ ሕዝብ ነኝ» ብለው አስቀድመው ከተመዘገቡ ሰዎች ጋር አስተያይተው ነው። ማለት ሰው ስለ ራሱ የተናገረውን ተቀብለው፣ በመሣሪያ አዙረው መልሰው ይሸጡለታል። አንዳንዶቹም ውጤቱን «ኢትዮጵያና ኤርትራ» ብለው በአንድ ቅርጫት ይሰጣሉ፤ ስንት ደም የፈሰሰበትን ወሰን ሳይሰሙ።

ሕጋችን እንኳ ከእኛ ይሻላል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሡን ትውልድ እስከ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንቀጽ አስፍሮ ነበር፤ ከዙፋኑ ጋር አለፈ። የ1987ቱ በአንቀጽ 39 ብሔር ብሔረሰብን ሲተረጉም ባህልን፣ ቋንቋን፣ የአንድነት እምነትን፣ ሥነ ልቦናን፣ መልክዓ ምድርን ይጠራል፤ ደምንም ዘርንም አያነሳም። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውን ተረት መታወቂያ ላይ የጻፍነው እኛው ነን።

ኽምጣና በየትኛውም ኑክሊዮታይድ ላይ አልተጻፈም። ከአራቱ የአገው ቋንቋዎች፣ ከብሌን፣ ከቅማንትኛና ከአዊኛ ጋር እህትማማች የሆነው ይህ ቋንቋ የሚተላለፈው ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ ነው። በአንደኛ ደረጃ የሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በራዲዮም ይሰማል። ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ግን ወላጆች በኽምጣና እየተነጋገሩ ልጁን በአማርኛ ሲጠሩት በየቀኑ እሰማለሁ። ቅማንትኛ በዚሁ መንገድ ሄዶ ዛሬ የሚናገሩት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸው ዲ.ኤን.ኤ. ግን ምንም አልጎደለበትም።

በዚያው ተዝካር፣ የጥርሱ ነገር ከተነሣ በኋላ፣ የእኚሁ ሰው እናት ከመደቡ ላይ ሆነው ለልጅ ልጃቸው በኽምጣና አንድ ነገር አሉት። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ነው። ወደ አባቱ ዞሮ «ምን አለች?» አለ። አባትየው በአማርኛ ነገሩት፤ ልጁም ሄዶ ውሃ አመጣላቸው።

ጋሼ፣ ሙታኑን ይተዉአቸው። እናትዎ ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ጥርሳቸው አልቋል፣ ምላሳቸው ግን ደኅና ነው። ለመጪው መስቀል ስመጣ ድምፅ መቅጃ ይዤ እመጣለሁ፤ ልጁንም አጠገባቸው ያስቀምጡልኝ።